መርዶ በፖስታ አይላክም

ልደታ፣ ጥር 3 ቀን 1977 ዓ.ም.
(ይህ አልተላከም)

ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

ሰላምታዬ አገር ለአገር ዞሮ ላይፕዚግ ይድረስህ። የአባትህ አጎት የልጅ ልጅ ሠርካዲስ ነኝ። ስትሄድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ መልኬ ጠፍቶህ ይሆናል። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ተመድቤያለሁ። ከመስከረም ጀምሮ የምኖረው እናትህ ቤት ነው። እማማ ወለተሰንበት «ዘመድ እያለ ቤት መከራየት ነውር ነው» ብለው አስገቡኝ። የምተኛው ከልጅህ ከስንዱ ጋር ነው፤ ሌሊት በእግሯ ስትራገጥ ታድራለች።

ይህን ሁሉ የምዘባርቀው ዋናውን ነገር ስሸሽ ነው። ጋሼ፣ ባለቤትህ ጠጅቱ ሞታለች። ለድርቁ ተጎጂዎች ከጤና ጣቢያዋ ተመርጣ ወሎ፣ መጠለያ ጣቢያ ከሄደች በሁለት ወሯ ተስቦ ያዛት። ታኅሣሥ 19 አረፈች፣ እዚያው ቀበሯት። አስከሬን የሚጭን መኪና አልተገኘም። እዚህ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀምጠናል። ስንዱን ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይቱና እቤታቸው ወስደው አቆዩልን፤ ምንም አላየችም።

ዛሬ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። «ጋሼ ማወቅ አለበት፣ ልጻፍለት» ብዬ አፌን ብከፍት የእድሩ ዳኛ አቶ ጋሻው ተቆጡኝ።

«አንቺ ልጅ፣ መርዶ በፖስታ አይላክም! ወረቀቱን ሲገልጠው ማን ይይዘዋል? ፊቱን የሚያጥበው ማነው? ጀርመኖቹ ናቸው አብረውት ደረት የሚመቱት?»

ሐምሌ ላይ ትምህርትህን ጨርሰህ ስትመጣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ ይነግሩሃል። እስከዚያ «ወሎ ናት፣ ካለችበት ፖስታ አይወጣም» ብዬ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። እናትህ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ የቤቱ ጸሐፊ እኔ ነኝ።

ሃያ ዓመቴ ነው፤ የሽማግሌ ቃል መሻር አልችልም። ይህን ለራሴ ጽፌዋለሁ።


ልደታ፣ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበርከው ወንድሜ ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

የአገርህ አምላክ ከሰው አገር ብርድ ይጋርድህ። የአባትህ አጎት የልጅ ልጅ ሠርካዲስ ነኝ፣ መልኬ ጠፍቶህ ይሆናል፤ አሁን እናትህ ቤት እየኖርኩ የቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሆኛለሁ። እማማ ወለተሰንበት ደህና ናቸው፣ ስንዱ ደህና ናት። ጠጅቱ ለድርቁ ሥራ ወሎ ተልካለች። ካለችበት መጠለያ ፖስታ ስለማይወጣ ደብዳቤዋ ቢዘገይብህ አታስብ።

የምጽፍልህ ግን ለልመና ነው፣ እንዳትስቅብኝ! የተሰጠን ቤት ከነጋዴ የተወረሰ መጋዘን ነው። ልጆቹ ሠላሳ አንድ፣ መስኮቱ አንድ። ነገር ግን ከጀርባው አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ሥሩ አስቀምጣቸውና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ምንም አልናገርም። ከዚያ የሰሙትን በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ወፍ አንድ፣ የወይዘሮ ዘይቱና ሙቀጫ ሁለት፣ የራሳቸው ትንፋሽ ሦስት። መጀመሪያ ይቆናጠጡ ነበር። አሁን የሚጣላ ልጅ ቀንሷል፤ ሰፈሩ ሁሉ በጩኸት በሚውልበት ዘመን እነዚህ ዝም ማለት ተምረዋል ስልህ እመነኝ።

ከዚያ መጽሐፍ እናነባለን። መጽሐፋችን አንድ የጅብ ተረት ነው፣ ሽፋንም የለው። የመጨረሻው ገጽ ስለተቀደደ ጅቡ ምን እንደደረሰበት ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ በየቀኑ አዲስ መጨረሻ እንፈጥርለታለን። ትናንት ስንዱ «ጅቡ እናቱ መጣችለትና እቤቱ ገባ» አለች።

የኅትመት ትምህርት ላይ ነህና የሥዕል መጽሐፍ ላክልን። ጽሑፍ ባይኖረው ይመረጣል፣ ቃሉን እኛ እናመጣለን።

አክባሪህ ሠርካዲስ


ላይፕዚግ፣ የካቲት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሠርካዲስ፣

እግዚአብሔር ጤናሽን ከዕድሜ ጋር ይስጥሽ። መልክሽ አልጠፋኝም፤ ሠርጋችን ላይ ዳቦውን ተሸክመሽ የወደቅሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?

የምማርበት ማተሚያ ቤት የሕፃናት መጽሐፍ ያትማል። ቀለሙ የተንሸራተተበት ወረቀት ይጣላል። ፎርማኑን አስፈቅጄ ሰብስቤ፣ በእጄ ሰፍቼ፣ ስድስት መጽሐፍ አድርጌ ልኬልሻለሁ። በአንዱ ላይ የልጁ ቀይ ቆብ ከራሱ ወርዶ ጎኑ ቆሟል። በሌላው ላም ሁለት ጥላ አላት። ልጆቹ ይሳቁበት።

ስለ ዋንዛው የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ስንዱን ትቼ ስሄድ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ድምፄን አታውቀውም። ከደብዳቤዬ ላይ ለእሷ የሚሆነውን እያነበብሽላት ነው? አደራሽን።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። የማውቃት ጠጅቱ ሥራ በዛብኝ ብላ የምትቀር አይደለችም። ጤና ጣቢያ ተራ ስታድር በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባ ትጽፍልኝ ነበር። ከወሎ የእህል መኪና ባዶውን ይመለሳል፤ ለሾፌር አንድ ወረቀት መስጠት እንዴት አቃታት? ጥፋት አጥፍቼባት እንደሆነ ንገሪኝ።

ኃይለመለኮት


ልደታ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

መጽሐፎቹ ደረሱ! እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ቆቡ የወረደበትን ልጅ «ቆቡ የተቀየመው» ብለን ሰይመነዋል። ቆቡ ለምን ተቀየመ ስንባባል ሁለት ሳምንት አለፈ።

ከጓድ ሞቱማ ጋር ግን ተጋጨን። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። ልጆቹ ዋንዛው ሥር ጭጭ ብለው ሳሉ ድንገት ገባ።

«ጓድ መምህርት፣ ይሄ ምንድነው? ጸሎት ነው?»

«አይደለም ጓድ፣ ማዳመጥ ነው።»

«ማንን?»

«ወፍ... ነፋስ...»

«ወፍ መዝሙር አጥንታላቸዋለች? ለመስከረም ሁለት ሠልፍ እነዚህ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያልፉት?»

አንዲት ልጅ ዓይኗን ሳትገልጥ «እሽ! አምስት ደርሼ ነበር፣ አስጠፋኸኝ» አለችው። ረዳቴ ሀሚዳ ሳቋ አምልጧት ወደ ጓዳ ሮጠች። ጓድ ሞቱማ ፈገግ አለና እንደገና ኮስተር አለ። ከሰኞ ጀምሮ ግማሹን ሰዓት ሠልፍ፣ ግማሹን ዋንዛ እንዲሆን ተስማማን። ሽማግሌ ፊት አፌ የማይፈታው እኔ ከሊቀ መንበር ጋር ተከራከርኩ፣ ይገርማል።

ከሁሉ ጎበዟ ማን መሰለችህ? ስንዱ። ሌሎቹ ተነሥተው መጽሐፍ ላይ ሲሻሙ እሷ ብቻዋን ትቀራለች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ። ሩብ ሰዓት የቆየችበት ቀን አለ። በማሠልጠኛ ስለ ሕፃን ጸጥታ ያስተማሩን ሁሉ በእሷ ተፈጸመ ብዬ ደስታዬን አልችለውም። «ጎበዝ» እላታለሁ በየቀኑ። ደብዳቤህን አነብላታለሁ፣ ደረቴ ላይ ተለጥፋ ትሰማለች።

ስለ ጠጅቱ ጥፋት የለብህም። ሥራው ከባድ ነው ይላሉ።

ሠርካዲስ


ላይፕዚግ፣ ግንቦት 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሠርካዲስ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሐምሌ ላይ እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ትምህርታችን በአንድ ዓመት ተራዝሟል። ፓስፖርታችን ኤምባሲ ስለሆነ አቋርጦ መምጣት የሚባል ነገር የለም። ለእናቴ አለሳልሰሽ ንገሪልኝ።

በሌላ ደብዳቤ የጠጅቱን ፎቶግራፍ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ አልላካችሁም። አሁን ያንንም ትቻለሁ። አንድ መስመር ይበቃኛል። ስሟን ብቻ በእጇ ጽፋ ትላክልኝ። ተቀይማኝም ከሆነ «ተቀይሜሃለሁ» ብላ ትጻፈው።

«ሥራው ከባድ ነው ይላሉ» ብለሻል። ማን ነው የሚለው?

ኃይለመለኮት


ልደታ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

መልሴ ሁለት ወር ስለዘገየ ይቅርታህን። ክረምቱ በርትቷል፣ ዋንዛው ሥር ጭቃ ነው። እማማ እግራቸውን እያመማቸው ነው።

ስለ ጠጅቱ የምጨምረው ወሬ የለኝም።

ለመስከረም ሁለት ቀበሌው ከወንድም አገር ሕፃናት ጋር ደብዳቤ እንለዋወጥ ብሎ፣ አንተ አድራሻውን ወደላክህልን ላይፕዚግ መዋዕለ ሕፃናት የሠላሳ አንዱንም ልጆች ደብዳቤ በአንድ ፖስታ ልኳል። እኔ የመምህራን ማኅበር ስብሰባ ሁለት ቀን ስለዋልኩ ልጆቹ እያወሩ የጻፈችው ሀሚዳ ናት። የሕፃን ቃል አይታረም፣ እንዳለ ጻፊው ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። ሳላነበው ታሽጎ ሄደ። ብታገኘው ተርጉምላቸው።

ሠርካዲስ


ላይፕዚግ፣ መስከረም 17 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሠርካዲስ፣

ሰላምታ እንዴት እንደሚጀመር ዛሬ ጠፍቶኛል።

ትናንት መዋዕለ ሕፃናቱ ጠሩኝ። ልጆቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ እኔ መሐል ወንበር ላይ። የእናንተን ልጆች ደብዳቤ አንድ በአንድ በጀርመንኛ አነብላቸዋለሁ፣ ይስቃሉ። አሥራ ዘጠነኛው የስንዱ ነበር። እንዲህ ይላል፤

«አባዬ፣ እማዬ አንተ ጋ መሆን ደስ ይላታል? ፀጉሯን ማን ይሠራታል? አያቴ እማዬ አንተ ጋ ሄዳለች ብላኛለች። ለሰው አትንገሪ ብላኛለች። ቶሎ መልሳት። እኔ ዋንዛው ሥር ዓይኔን ጨፍኜ አውሮፕላኗን አዳምጣለሁ። እትዬ ሠርካዲስ ጎበዝ ትለኛለች።»

እስከ «ፀጉሯን» ድረስ ተርጉሜ ቆምኩ። ልጆቹ ቀጥል አሉኝ።

እኔ ጋ የለችም ሠርካዲስ። ለእኔ ወሎ ናት አላችሁኝ፣ ለልጄ ጀርመን ናት አላችኋት። ሁለት ቦታ አለ የሚባል ሰው የትም የለም ማለት ነው። የእናንተው ሰው ነኝ፣ ዝምታችንን አውቀዋለሁ። ከወንበሩ መቼ እንደወረድኩ አላውቅም። አንዲት የአራት ዓመት የጀርመን ልጅ ጉልበቴን አቅፋ ነበር።

መቼ? በምን? የት ተቀበረች? ይህን ጻፊልኝ፣ ምንም አታስቀሪ። ከዚያ ለስንዱ ንገሪያት። እናቴ አትችልም፣ አንቺ ንገሪያት። ልጄ ሰማይ ስታዳምጥ እንድትውል አልፈልግም።


ልደታ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

እግዚአብሔር ያጽናህ ማለት እንኳ አፍሬ ነው የምጽፈው።

አምና ጥር ላይ ጽፌልህ ያልላክሁትን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። የጠየቅከው ሁሉ እዚያ ላይ አለ።

እናትህ ለስንዱ የነገሯትን እኔ አላውቅም ነበር። ደብዳቤህን ሳነብላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጎሰጎሱ። «ሌሊት ሌሊት እማዬ የት ናት እያለች ፈጀችኝ። ሞተች በል ቢሉት አፌ እንዴት ይዞር? እሱ ጋ ናት ስላት እንቅልፍ ወሰዳት» አሉኝ። ምን ልበላቸው? እኔስ ለአንተ ያደረግሁት ሌላ ምንድነው?

ጎበዝ ስላት ነበር፣ ጋሼ። በየቀኑ። ልጅ ስትጠብቅ እያየሁ ረጋች እያልኩ። ጓድ ሞቱማ እንኳ አንድ ቀን «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» ብሎኝ ነበር፣ እኔ «ተመስጣ ነው» ብዬ አፉን አስያዝኩት። የተማርኩት እኔ ነኛ!

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ነገርኳት። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ «እማዬ ወሎ ታማ ሞተች» አልኳት።

«አባዬ ጋ አይደለችም?»

«አይደለችም።»

«ሄዳም አታውቅም?»

«አታውቅም።»

አላለቀሰችም። ትንሽ አሰበችና «እሺ» ብላ ወርዳ ከእነ ወይዘሮ ዘይቱና ልጆች ጋር ሱዚ ልትጫወት ሄደች። ዋንዛው ሥርም ከዚያ ወዲህ ከሌሎቹ እኩል ትነሣለች። በርትታልናለች ብዬ አምናለሁ። አሁን የሚያስፈልጋት የአንተ ቃል ነው። ለእሷ ብቻ፣ በስሟ ጻፍላትና እኔ አነብላታለሁ።

ሠርካዲስ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሠርካዲስ፣

ያልተላከውን ደብዳቤ አነበብኩት። አልፈርድብሽም። አቶ ጋሻውንም አልጠላኋቸውም፤ የሚይዘኝ ሰው እንዳላጣ አስበውልኝ ነው።

ኤምባሲ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። «ለሞተ ሰው አይኬድም፣ ትምህርትህን ጨርስ» አሉኝ። እስከ ሐምሌ ወረቀት እንጂ እኔ አልመጣም። ለስንዱ የጻፍኩት ከፎቶዬ ጋር ከዚህ በታች አለ። ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

«ለልጄ ለስንዱ። እኔ አባትሽ ነኝ። እማዬ እኔ ጋ መጥታ አታውቅም፤ ብትመጣ ኖሮ ፀጉሯን እኔ እሠራላት ነበር። የነገሩሽ ስለሚወዱሽ ነው፣ ግን ትክክል አልነበረም። እኔም አልቅሻለሁ። ክረምት ሲገባ መጥቼ አንቺን አቅፌ እንደገና አለቅሳለሁ። ጠብቂኝ።»


ልደታ፣ ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጋሼ ኃይለመለኮት፣

ባለህበት ጤና ይስጥህ። እማማ ሰላም ይሉሃል። እንዲህ ስል ከልቤ ነው፣ ዘንድሮ የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው፣ እባክህ እመነኝ። የሚያምነኝ ሰው አልቆብኛል።

ደብዳቤህን ለስንዱ አነበብኩላት። «ጠብቂኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አገላበጠችው።

«ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«አባዬ ነው የጻፈው።»

«አባዬማ ሞቷል።»

«ማን አለሽ?»

«እናንተ ናችኋ። እማዬ አባዬ ጋ ሄደች አላችሁ። እማዬ ሞታለች አልሽኝ። አባዬ ጋ የሚኬደው እንደዚያ ነዋ።»

ያን ቅዳሜ «እሺ» ያለችኝ ይህን ነበር። ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ቀብራ ነው ሱዚ ልትጫወት የወጣችው። እኔ በርትታለች ብዬ ጻፍኩልህ።

ፎቶህን አሳየኋት። «እማዬም ፎቶ አላት» አለች። ሽማግሌዎቹን ጠራሁ። አቶ ጋሻው ራሳቸው ተንበርክከው «ልጄ፣ አባትሽ በሕይወት አለ፣ በሽበቴ እምልልሻለሁ» አሏት። በትሕትና ሰማቻቸው። ሲወጡ «እሳቸውም የእማዬ ለቅሶ ላይ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መጽሐፍ ስናነብ ከመጀመሪያው ገጽ «ይሄ የውሸት ነው አይደል?» ትላለች። «ተረት ነው» ስላት ተነሥታ ትሄዳለች። ሁለት ሌሎች ልጆችም ጀምረዋል። ከማሠልጠኛ የመጣሁት ሕፃን በሰው ድምፅ እቅፍ ውስጥ ሆኖ ያድጋል የሚል እምነት ይዤ ነበር። አሁን ከመጽሐፉ ቀና ብዬ ሳያቸው ድምፄ ይሰለላል። ዝውውር ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ግን እሷን ለማን ትቼ?

ትናንት ከጤና ጣቢያ ክትባት ሰጪዎች መጡ። ለእያንዳንዱ ልጅ ካርድ ይሞላሉ። የስንዱ ተራ ሲደርስ ነርሷ «የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ ማን ይባላል?» አለቻት።

«ኃይለመለኮት፣ ነፍሱን ይማረው» አለች፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው።

ነርሷ ብዕሯን አቆመችና «ውይ! ነፍስ ይማር» ብላ ካርዱ ላይ ጻፈች። እኔ ዘልዬ «አይደለም፣ በሕይወት አለ፣ ላይፕዚግ ነው፣ ደብዳቤው ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ» እያልኩ ቦርሳዬን በረበርኩ። ልጆቹ፣ ሀሚዳ፣ ነርሷ፣ ሁሉም ያዩኛል። እንባዬ ቀደመኝ።

ስንዱ ክንዷ ላይ ጥጡን እንደያዘች መጣችና ቀሚሴን ጎተተችኝ። ዝቅ ስልላት እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች።

«አይዞሽ እትዬ» አለችኝ። «ላንቺ እስካሁን አልነገሩሽም ነበር?»